ምዕራፍ አምስት፦ ውርስና ማዕድ

ከድሬዳዋ ከተማ ተነሥቶ፥ የከዚራን የዛፍ ጥላ በስተኋላው ትቶ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው፥ ፀሐይ በሚበረታበት ሜዳ ላይ ጥቂት እንደ ተጓዘ መልካ ጀብዱ ይደርሳል። በዚያ ሜዳ ላይ ሶማሌውና ኦሮሞው ከብቱንና ግመሉን እየነዳ፥ ማሽላውንም እየዘራ ብዙ ትውልድ ኖሮበታል፤ ዛሬ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ፥ ነፃ የንግድ ቀጣናውና የአዲሱ የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ በዚሁ ወገን ስለ ተሠሩ፥ አያቱ በግመል ወተትና በማሽላ ገንፎ ያደገ ጎልማሳ ማለዳ ወደ ሥራው ሲሄድ ስኳር የበዛበት ሻይ በነጭ ዳቦ ይቀምሳል፥ ቀትር ላይ ሩዝ ወይም ፓስታ ይበላል፥ ከሰዓት በኋላም ለስላሳ መጠጥ እየተጎነጨ ጫቱን ይቅማል። ማዕዱ በሁለትና በሦስት ትውልድ ውስጥ እንዲህ ሲለወጥ፥ ከአባቶቹ የወረሰው ሥጋና ደም ግን ያው የቀድሞው ነው። ይህ ምዕራፍ የሚመረምረው ባልተለወጠው ውርስና በተለወጠው ማዕድ መካከል በደማችን ውስጥ የሚሆነውን ነገር ነው።

በአገራችን የስኳር በሽታ በተነሣ ቁጥር ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰማል። አንዱ ወገን «በዘራቸው ያለ ነው» ብሎ ነገሩን እንደ ተቈረጠ ዕጣ ይቀበላል፤ ሌላው ወገን «ጣፋጭ አብዝቶ ነው» ብሎ ታማሚውን እንደ በደለኛ ይቈጥራል። የመጀመሪያው ፍርድ ልጆቹን ተስፋ ያስቈርጣል፤ ሁለተኛው ደግሞ በአንድ ገበታ በልተው በአንድ ቤት ካደጉት ወንድማማቾች አንደኛው በአርባ ዓመቱ ሲታመም ሁለተኛው ሰማንያ ዓመት በጤና የሚኖርበትን ምክንያት ሊያስረዳ አይችልም። ሁለቱም ፍርድ ጎደሎ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጎደሎነታቸውንም ለማየት አስቀድሞ የሥጋን ሥርዓት መረዳት ይገባል።

በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ፥ ምግብ ሳይቀምስ ባደረበት ማለዳ ያለው ስኳር በሙሉ ቢሰበሰብ ከአምስት ግራም እምብዛም አይበልጥም፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ሐኪሞች በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ከ70 እስከ 100 ሚሊ ግራም ሲሉ የሚናገሩት ስለዚሁ ልክ ነው። ታዲያ አንድ ሰው በአንድ ሰሐን ሩዝ ብቻ ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚሆን ስኳር ወደ ሆዱ ሲያስገባ፥ በደሙ ያለው ልክ ከሁለትና ከሦስት ሰዓት በኋላ ወደ ቦታው መመለሱ እጅግ የሚያስደንቅ የተፈጥሮ ጥበብ ነው። እህሉ ገና በአፍ ሳለ በምራቅ፥ በኋላም በአንጀት ውስጥ ከቆሽት በሚፈስሰው ኢንዛይም ተፈጭቶ ወደ ግሉኮስ ይለወጣል፤ ግሉኮሱ ወደ ደም ሲገባ ቆሽት ኢንሱሊን የሚባለውን ሆርሞን ታመነጫለች፤ ኢንሱሊንም ጡንቻውና ስቡ ስኳሩን እንዲቀበሉ፥ ጉበትም የራሱን ስኳር ወደ ደም መላኩን እንዲያቆም ያዝዛል። አንጀት ራሱ በዚህ ሥራ ተካፋይ መሆኑ የታወቀው፥ አንድ ዓይነት መጠን ያለው ስኳር በአፍ ሲወሰድ በደም ሥር ከሚሰጠው ይልቅ ብዙ ኢንሱሊን እንደሚያስወጣ በታየ ጊዜ ነው፤ ምግቡ ሲያልፍበት አንጀት ለቆሽት አስቀድሞ መልእክት ይልካልና።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። የስኳር ልክና የኢንሱሊን ልክ ሁልጊዜ አብረው አይወጡም፥ አብረውም አይወርዱም። ጡንቻና ጉበት የኢንሱሊንን ትእዛዝ እየሰሙ ለመፈጸም ሲሰንፉ፥ ቆሽት እጥፍ እያመነጨች ጉድለቱን ትሞላለች፤ በዚያ ዘመን፥ እርሱም ብዙ ዓመት ሊሆን ይችላል፥ ሰውየው ደሙን ቢያስመረምር ስኳሩ ደኅና ነው ይባላል፥ ነገር ግን ደኅንነቱ በቆሽት ድካም የተገዛ ነው። ኢንሱሊን የሚያመነጩት ቤታ የሚባሉት ሕዋሳት ዝለው ከሥራ በጎደሉ ጊዜ ስኳሩ በድንገት እንደ መጣ ሆኖ ይገለጣል። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የሚባለው ይህ ነው፤ አንደኛው ዓይነት ግን የሰውነት መከላከያ ኃይል ራሱ ተሳስቶ እነዚያን ሕዋሳት የሚያጠፋበት ሌላ ደዌ ነው። በ1921 ዓ.ም. (በዚህ ምዕራፍ ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ) በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ባንቲንግና ቤስት የሚባሉ ተመራማሪዎች ኢንሱሊንን ለይተው እስኪያወጡ ድረስ፥ በዚህ ደዌ የተያዘ ሕፃን የሚጠብቀው ሞት ብቻ ነበር።

እንግዲህ ውርስ የሚገባው በየትኛው በር ነው? ለሁለተኛው ዓይነት በሽታ አንድ ብቻውን የሚያዝዝ ዘረመል የለም፤ በጥቂት ቤተሰብ ብቻ የሚገኝና በአንድ ዘረመል ጉድለት የሚመጣ ብርቅ ዓይነት ቢኖርም፥ በብዙው ሕዝብ ዘንድ ያለው ውርስ እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት የሚያደርጉ ብዙ መቶ የዘረመል ልዩነቶች በአንድነት የሚሠሩት ሥራ ነው። ከእነዚህ ሁሉ የበረታው በ2006 ዓ.ም. የአይስላንድ ተመራማሪዎች ያገኙት ቲሲኤፍ ሰባት ኤል ሁለት በሚባለው ዘረመል ላይ ያለው ነው፤ ይህን ልዩነት ከአንድ ወላጁ የወረሰ ሰው የመታመሙ ዕድል ካልወረሰው በ40 በመቶ ያህል ከፍ ይላል፥ ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰ ደግሞ ከዚያ ይብስበታል። ይህ ልዩነት፥ እንደ እርሱም ያሉት አብዛኞቹ፥ ሥራቸውን የሚሠሩት በምላስ ወይም በሆድ ላይ አይደለም፤ ቆሽት ምን ያህል ኢንሱሊን ልታመነጭ እንደምትችል በመወሰን ነው። በሌላ አነጋገር አንዱ ሰው ሲወለድ ሰፊ የቆሽት ጉልበት፥ ሌላው ጠባብ ጉልበት ይዞ ይወለዳል። ጠባቡን የያዘው ሰው እንደ አያቶቹ እየኖረ ሳለ ጠባብነቱ አይታወቅበትም፤ የሚታወቀው ማዕዱ ከዚያ ልክ በላይ በየቀኑ ሲጠይቅ ነው።

ስለ አፍሪቃ ሕዝብ ውርስ የተጻፈው ነገር ከአውሮፓውያኑ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል። በ2019 ዓ.ም. በናይጄርያ፥ በጋናና በኬንያ በተደረገ ሰፊ ምርመራ ቀድሞ በአውሮፓውያን ዘንድ ያልታየ ከበሽታው ጋር የተያያዘ የዘረመል ልዩነት መገኘቱ፥ በባዕድ ደም ላይ የተመሠረተ ዕውቀት ለእኛ ብቻውን እንደማይበቃ ያስረዳል።

ይሁን እንጂ ማዕድና ውርስ እንዴት እርስ በርሳቸው እንደሚሠራሩ ለማየት መልካ ጀብዱ ራሷ ግሩም ምሳሌ ትሰጠናለች፤ እርሱም ወተት ነው። በወተት ውስጥ ያለው ላክቶስ የሚባለው ስኳር ላክቴዝ በሚባል ኢንዛይም ካልተሰበረ ወደ ደም ሊገባ አይችልም፤ ይህም ኢንዛይም በአብዛኛው የሰው ዘር ዘንድ ሕፃኑ ጡት ከጣለ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል፥ ስለዚህም ወተት ሲጠጣ ሆዱን የሚነፋው ሰው ብዙ ነው። በከብትና በግመል አርቢዎች ዘንድ ግን ኢንዛይሙ እስከ እርጅና የሚጸናላቸው ብዙዎች ናቸው። በ2007 ዓ.ም. ሣራ ቲሽኮፍና የሥራ ባልደረቦቿ በታንዛንያ፥ በኬንያና በሱዳን አርቢዎች ዘንድ ባደረጉት ምርመራ፥ ይህን ጸጋ የሚሰጡት የዘረመል ለውጦች ከአውሮፓውያኑ የተለዩና በየራሳቸው የተነሡ መሆናቸውን አሳዩ፤ ከእነርሱም አንዱ ግመል በሚረባበት በዐረብ ምድርና በአፍሪቃ ቀንድ የሚገኘው ነው። በረሃ ላይ ውሃ በሚጠፋበት ወራት ወተቱን ጠጥቶ ሆዱ የሚረጋለት ሰው ልጆቹን ያሳድጋል፥ የማይረጋለት ደግሞ ይመነምናል፤ እንዲህ እየሆነ ማዕዱ በብዙ ሺህ ዓመት ውስጥ የሕዝቡን ውርስ ለወጠው። ከማሽላው ጋር ይኸው ወተት የዚያ አገር ሰው ዋና ሲሳይ ነበረ፤ በሚያስደንቅ ሁኔታ ወተት የደምን ስኳር የሚያወጣው በጥቂቱ ሲሆን፥ በውስጡ ባለው ፕሮቲን ምክንያት ኢንሱሊንን ግን ከስኳሩ ልክ በላይ ያስነሣል።

የግመል ወተት የስኳር በሽታን ያድናል የሚል እምነት በምሥራቁ አገራችን የጸና ነው። በህንድ በራጃስታን የግመል ወተት በሚጠጡት በራይካ ሕዝብ ዘንድ በሽታው እጅግ ጥቂት ሆኖ መገኘቱ ጉዳዩን ሊመረመር የሚገባው ያደርገዋል፤ ነገር ግን እነዚያ ሰዎች በበረሃ ከመንጋቸው ኋላ ሙሉ ቀን የሚጓዙም ናቸውና፥ ምስጋናውን ሁሉ ለወተቱ መስጠት አይቻልም። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው በወተት ተማምኖ መርፌውን ቢተው ሕይወቱን ለአደጋ አሳልፎ ይሰጣል፤ ይህን ደጋግሜ ብናገር አልታክትም።

ከወተቱ ታሪክ የምንማረው ሌላው ነገር የጊዜ ነገር ነው። ውርስ ከማዕድ ጋር ይስማማ ዘንድ ብዙ ሺህ ዓመት ፈጀ፤ የስኳሩና የነጩ ዱቄት ማዕድ ግን በአገራችን የትናንት ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራውን የጀመረው በ1954 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ማለት ስኳር በብዛት ወደ ተራው ሰው ጓዳ ከገባ ገና ሦስት ትውልድ አልሞላውም። ድሬዳዋ ግን በባቡሩ ምክንያት፥ ከ1902 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ሁሉ አስቀድሞ የሚያርፍባት ከተማ ስለ ሆነች፥ ሩዙና ፓስታው፥ ጣፋጩና ብስኩቱ ከሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ይልቅ ቀድመው የተለመዱባት አገር ናት።

ማዕድ በፍጥነት ሲለወጥ በወገኖቻችን ላይ የሚሆነውን በግልጥ ያሳየን ግን ከአገር ውጭ የተፈጸመ ነገር ነው። በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ፥ ዳግመኛም በግንቦት ወር 1991 ዓ.ም.፥ ከጎንደርና ከአካባቢው የተነሡ ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ተጓዙ። በመንደራቸው የስኳር በሽታ ብርቅ ነበረ፤ ነገር ግን በ1988 ዓ.ም. በአንድ የሕክምና መጽሔት በታተመ ጥናት፥ ወደዚያ ከገቡ ጥቂት ዓመታት ብቻ በሆናቸው ወጣቶች መካከል በሽታው በብዛት ተገኘ። ከብዙ ዓመት በኋላ በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፥ ከኢትዮጵያ የሄዱት ሰዎች በሽታው የሚይዛቸው ከሌላው የአገሩ ሰው ይልቅ ቀጭን ሳሉ መሆኑን አመለከተ። እነዚህ ሰዎች ባሕር ሲሻገሩ ዘራቸውን አልለወጡም፤ የተለወጠው እርሻውና የእግር መንገዱ፥ ጤፉና ማሽላው፥ ሽሮውና ወጡ ነው። ይህን ሳስብ የሚያሳስበኝ ነገር፥ ዛሬ ከገጠር ወደ ከተማ የሚገባው ወገናችን ባሕር ሳይሻገር ያንኑ ጉዞ መጓዙ ነው። የድሬዳዋ ከተማ ጎልማሶችን ያጠኑ ምሁራን በ2020 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ፥ በሽታቸው ታውቆ ግን ካልተገታላቸው ጋር፥ ጭራሽ መታመማቸውን ሳያውቁ የሚኖሩ ሰዎች እንዳሉ አስረድተዋል።

ቀጭን ሰው ይታመማል ማለት ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ነው፤ በአገራችን የስኳር በሽታ የባለጠጋና የወፍራም ሰው ደዌ ተደርጎ ይታሰባልና። የጎንደር ሐኪሞች ግን በገጠሩ ታማሚዎች ዘንድ ያዩት ከዚህ የተለየ ነው፤ በ2009 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ እንደ ገለጡት፥ ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው ከነዚያ ታማሚዎች ብዙዎቹ ድሆች፥ ወጣቶችና የሰውነታቸው ስብ የሟጠጠ ናቸው። ይህን ዓይነቱን ከምግብ እጦት ጋር የተያያዘ ደዌ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2025 ዓ.ም. አምስተኛው ዓይነት ብሎ ሰይሞታል። ከዚህም አስቀድሞ በ1962 ዓ.ም. ጄምስ ኒል የሚባለው ሊቅ፥ የራብ ዘመን ያሳለፈ ሕዝብ የተገኘውን ሁሉ አከማችቶ የሚይዝ ቈጣቢ ዘረመል ይወርሳል፥ በጥጋብ ዘመንም ይኸው ቍጠባ ሕመም ይሆንበታል ብሎ ነበር። ሄይልስና ባርከር የሚባሉ ሊቃውንት ደግሞ በ1992 ዓ.ም. ነገሩን ወደ እናት ማሕፀን መልሰው፥ በፅንስነቱ የተራበ ልጅ ቆሽቱ ሳትጠነክር ይወለዳል አሉ። በ1944 እና በ1945 ዓ.ም. በሆላንድ በነበረው ራብ ጊዜ በእናታቸው ማሕፀን የነበሩት ሰዎች ካደጉ በኋላ ሰውነታቸው ስኳርን መግታት ማነሡ ለሁለተኛው አሳብ ትልቅ ማስረጃ ሆኖለታል። ራብን ደጋግሞ ባየ አገር ውስጥ ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ ሊሆን አይገባም፤ የነፍሰ ጡር እናት ማዕድ የልጇን ከአርባ ዓመት በኋላ ያለ ጤና የሚወስን ከሆነ፥ ለእርሷ የሚሰጠው እንቁላልና ወተት የስኳር በሽታ መከላከያም ነው።

በአሪዞናና በሜክሲኮ የሚኖሩት የፒማ ሕንዶች ነገር ደግሞ በአጭሩ ሊነገር ይገባዋል። አንድ ዘር ሲሆኑ፥ በ2006 ዓ.ም. በታተመ ጥናት በአሪዞና ካሉት ጎልማሶች 38 በመቶ ያህሉ፥ በሜክሲኮ ተራራ እያረሱ ከሚኖሩት ግን 7 በመቶ ያህሉ ብቻ ታማሚዎች ሆነው ተገኙ።

አሁን ወደ ማዕዳችን እንመለስ። ማሽላ በተፈጥሮው ስታርቹ በፕሮቲን ተሸፍኖ ስለሚገኝ አንጀት ቀስ ብሎ ይፈጨዋል፤ የእንጀራ ሊጥ ሲቦካ የሚወጣው ኮምጣጣነትም ምግቡ ከጨጓራ የሚለቀቅበትን ጊዜ ያዘገያል፤ አተር፥ ባቄላና ምስር ደግሞ አሰራቸውና ፕሮቲናቸው የስኳሩን ፍጥነት ይገታል። ሐረሪዎችና ሶማሌዎች ሁልበት እያሉ የሚያዘጋጁት አብሽ ውሃ ሲነካው እንደ ሙጫ በሚያጣብቅ የሚሟሟ አሰር የተሞላ ስለ ሆነ ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን መንገድ ያረዝማል። ነጭ ሩዝና ነጭ ዳቦ ግን አሰራቸው የተገፈፈ ነውና ፈጥነው ይፈጫሉ። ከሁሉም የሚከፋው በፈሳሽ የሚወሰደው ስኳር ነው፤ በአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ያህል፥ ማለት በደም ሁሉ ካለው ስድስት እጥፍ የሚበልጥ ስኳር አለ፥ ይህም የሚታኘክ ነገር ሳይኖረው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይጠጣል። ጫት የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋ፥ ቃሚው ምሳውን ትቶ ወይም ቀንሶ ከሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ በለስላሳና በስኳር ሻይ ሲያሳልፍ፥ ቆሽቱን ያለ ዕረፍት ያሠራታል። በዓሉን በሙሸበክና በሀላዋ ማክበር ግን ምንም ነውር የለበትም፤ ጉዳቱ ያለው የዓመቱ ቀን ሁሉ እንደ ዒድ ሲበላ ነው።

በማዕዱ ቅደም ተከተልም ታላቅ ነገር አለ። ቅጠላ ቅጠሉንና ሥጋውን ወይም ባቄላውን አስቀድሞ በልቶ ሩዙን ኋላ ያደረገ ሰው፥ ያንኑ ምግብ በግልባጩ ከበላው ይልቅ የደሙ ስኳር ዝቅ ብሎ መታየቱ በምርመራ ተረጋግጧል፤ ከምግብ በኋላ በእግር መሄድም ጡንቻው ያለ ብዙ ኢንሱሊን ስኳሩን እንዲቀበል ያደርገዋል። በረመዳን ለማፍጠር የተቀመጠ ሰው በተምርና በውሃ ከጀመረ በኋላ ሾርባውን፥ ከዚያም እህሉን ቢያስከትል፥ የዐቢይ ጾምን የሚጾመውም ሰው ማታ ሲገድፍ ሽሮውንና ጎመኑን ከእንጀራው አብልጦ ቢመገብ፥ ሥርዓተ ሃይማኖቱ ሳይነካ ቆሽቱ ዕረፍት ታገኛለች። ኢንሱሊን ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ጾም ከመጀመሩ አስቀድሞ ሐኪሙን ሊያማክር ይገባዋል።

ይህ ሁሉ ጥረት ክፉ ውርስ ላለበት ሰው ይረዳል ወይስ ከንቱ ድካም ነው? ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ ከማውቃቸው የሕክምና ምርመራዎች ሁሉ ልብ የሚያሳርፍ ነው። በአሜሪካ 3,234 ሰዎች፥ ስኳራቸው ከልኩ ከፍ ያለ ነገር ግን ገና ያልታመሙ፥ በሦስት ወገን ተከፍለው ተጠኑ፤ በ2002 ዓ.ም. በወጣው ውጤት፥ ምግባቸውን አስተካክለው በሳምንት 150 ደቂቃ ሰውነታቸውን ያንቀሳቀሱት ወገኖች በበሽታው የመያዛቸው ዕድል በ58 በመቶ፥ ሜትፎርሚን የሚባለውን መድኃኒት የወሰዱት ደግሞ በ31 በመቶ ቀነሰ። ከአራት ዓመት በኋላ ተመራማሪዎቹ የነዚያኑ ሰዎች ዘረመል ሲመረምሩ፥ ከላይ የጠቀስሁትን ብርቱ ልዩነት ከሁለቱም ወላጆቻቸው የወረሱት ሰዎች፥ መድኃኒት የሌለበት እንክብል በተሰጣቸው ወገን፥ የመታመማቸው ዕድል ከሌሎቹ በ80 በመቶ ያህል በልጦ ተገኘ፤ ኑሯቸውን በለወጡት ወገን ውስጥ ግን ያ ብልጫ ከቍጥር የሚገባ ሆኖ አልታየም። ውርሱ ከደማቸው አልጠፋም፤ ጉልበቱ ግን በማዕድና በእግር መንገድ ተገትቷል። ስለዚህ «በዘራችን አለ» የሚለው ቃል በእኔ ፍርድ የሚያስረዳው ተስፋ የመቍረጥን ነገር አይደለም፤ ያ ቤተሰብ ከሌላው አስቀድሞና አብልጦ ሊጠነቀቅ የሚገባው መሆኑን ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ አባትህ ወይም እናትህ፥ ወንድምህ ወይም እኅትህ ይህ ሕመም ያለባቸው እንደ ሆነ፥ ቀጭን ነኝ ብለህ ሳትዘናጋ፥ በመልካ ጀብዱ ጤና ጣቢያም ሆነ በድል ጮራ ሆስፒታል፥ ወይም ባለህበት አገር ባለው ሐኪም ቤት፥ ምግብ ሳትቀምስ ባደርህበት ማለዳ ደምህን አስመርምር። ከ100 በታች ከሆነ ደኅና ነህ፥ በየጊዜው ግን ተመላለስ፤ ከ100 እስከ 125 ከሆነ ማዕድህንና እግርህን የምታስተካክልበት ጊዜ አሁን ነው፤ 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ምርመራው በሌላ ቀን ተደግሞ እንዲረጋገጥልህ ሳትውል ሳታድር ሐኪምህን ጠይቅ።